ለሴትዮዋ የሰጠናቸው ቃላት

ሴትዮዋን የፈጠርናት እኛው ነን። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ አበደች እንዳትሉኝ። እኔ፣ ታናሽ እህቴ ጩጬ እና አክስታችን፣ ሦስታችን መጋረጃ ከምንሰፋበት ክፍል ተቀምጠን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጠርናት። የጫማ ቁጥሯን፣ ሻይዋ ውስጥ የምትጨምረውን ስኳር፣ ስትናደድ የትኛው ቅንድቧ እንደሚነሳ ሳይቀር አውቃለሁ። ከገዛ ጎረቤቶቼ ይልቅ እሷን አውቃታለሁ ብል ውሸት የለበትም።

ነገሩን ያመጣው የጩጬ ፈተና ነው። ጩጬ የምንላት ትንሽ ስለሆነች አይደለም፤ በቁመት እኔን ትበልጠኛለች። የቤቱ የመጨረሻ ስለሆነች ስሙ ሙጭጭ ብሎባት ቀረ። የአስተርጓሚዎች ማሠልጠኛ ልትገባ ትፈልጋለች። ለመግባት ደግሞ ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚጠየቁበት ፈተና አለ፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈተነው። አንዴ ወድቃለች። ሁለተኛውን ከወደቀች አለቀ፣ በሩ ተዘጋ። ዕድሜ ልኳን ከእኔ ጋር መጋረጃ ስትሰፋ ልትኖር ነው ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ ለእሷም ለመጋረጃውም አይበጅም። እጇ ለስፌት አልተፈጠረም። አንድ ቀን የደንበኛ መጋረጃ ከገዛ ቀሚሷ ጋር አብራ ሰፍታው፣ ልነሳ ስትል የስፌት መኪናውን ይዛው ልትወድቅ ነበር። ስቄ አልቅሼ፣ እንባዬን ስጠርግ ግን አንጀቴን በላችው። እንዲህ ሆና ስንት ዓመት ትኖራለች?

በመጀመሪያው ፈተና የወደቀችው ሳታጠና ቀርታ አይደለም። ኧረ አጥንታ! ትርጉሙን በአማርኛ ከጎኑ የሚያስቀምጥ አንድ ወፍራም የቃላት መጽሐፍ አላት፣ እሱን ከዳር እስከ ዳር ሸምድዳው ነበር። ፈታኟ ፊት ስትቀመጥ ግን ቃሉ ሲመጣ ትርጉሙ ይጠፋል፤ ትርጉሙ ሲመጣ ቃሉ ይሸሻል። አፏን ከፍታ ቀረች። ቤት መጥታ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተደፍታ ስታለቅስ፣ “ተነሽ፣ ሐር ነው፣ እንባ አይወድም” አልኳት። ምን ላድርግ፣ እኔ ሰው የማባብለው እንዲህ ነው።

ለሁለተኛው ፈተና እንደገና ስትጀምር ቃላቱን በልብስ ሰፊ ጠመኔ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትጽፋቸው ነበር። እኔ ጨርቅ ስዘረጋበት ይጠፋሉ፤ ከጭንቅላቷም አብረው ይጠፋሉ። አክስቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ጠርዝ በእጇ እየለቀመች ጥግ ላይ ተቀምጣ ይሄን ሁሉ ስታይ ከረመችና አንድ ቀን ሰለቻት።

“አንቺ ልጅ፣ ቃሉን ለማንም ሳትሰጪው እንዴት ነው የምትይዢው? ለአንድ ሰው ስጪውና ይሁንለት እስቲ።”

“ለማን ልስጠው አክስቴ?”

“ለአንዲት ሴትዮ ስጪያታ።”

ጩጬ ጠረጴዛው ላይ የጻፈችውን አየች። “እሺ። ሜቲኪዩለስ። ለጥቃቅኑ ነገር ሁሉ የሚጠነቀቅ፣ አንዲትም የማታልፈው።”

“እንግዲህ ሴትዮዋ መሐረቧን ስታጥፍ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመላት እንደገና ትፈታዋለች” አለች አክስቴ፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

“መሐረብ ብቻ?” አልኩ እኔ፣ ማን ጠየቀኝ። “ምግብ ቤት ገብታ የሰው ጠረጴዛ ላይ የተጣመመ ሹካ ካየች ሄዳ ታቃናለች እንጂ።”

ጩጬ ከት ብላ ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት ፊቷን እንኳን ሳትታጠብ “ሜቲኪዩለስ?” ብላት “ሹካዋን የምታቃናዋ!” አለችኝ። ቃሉ ተቀምጧል። እሰይ አልኩ በሆዴ፣ በአፌ ግን “ፊትሽን ታጠቢ” አልኳት።

የምንሠራበትን ክፍል ብታዩት ሴትዮዋ ለምን እዚያ ውስጥ መኖር እንደተመቻት ይገባችሁ ነበር። ስስ መጋረጃ ተሰፍቶ ሲያልቅ እጥፋቱ እንዲለቅ ከጣሪያው ሥር ካለው ብረት ላይ እንሰቅለዋለን። ነጭ፣ ክሬም፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፎ ይንጠለጠላል። መስኮቱ ሲከፈት ሁሉም አንድ ላይ ይነፉና መልሰው ይረግባሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘወር ስትል ብርሃኑ በዚያ ሁሉ ጨርቅ ተጣርቶ ይገባና ክፍሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። በዚያ ሰዓት የስፌት መኪናው ድምፅ ራሱ ከሩቅ የሚመጣ ነው የሚመስለኝ። ከመጋረጃዎቹ ወዲያ አንዲት ሴት እየተራመደች ነው ብትሉኝ፣ ቀና ብዬ አላይም። ትራመድ፣ ምን ቸገረኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን አሳደግናት። ሪላክታንት የሚል ቃል መጣ፤ አንድን ነገር ልቡ ሳይፈቅድ፣ እያመነታ የሚያደርግ። ወዲያው ሴትዮዋን ወደ አማቷ ቤት ላክናት፤ በመንገድ ላይ ያለውን የሱቅ መስኮት ሁሉ እያየች፣ ያልላላ የጫማ ክሯን እየፈታች እያሰረች ሄደች። ኤሎክወንት፣ አንደበተ ርቱዕ። አክስቴ “በሰው ፊት ዝምተኛ ናት፣ ቧንቧዋን ሊጠግን መጥቶ አበላሽቶ ከሄደው ሰውዬ ጋር ስትጣላ ግን ወንበር አምጡልኝና ልስማት ያሰኛል” አለች። ኦብስቲኔት ሲመጣ፣ ግትር ማለት ነው፣ አክስቴ “ኤዲያ፣ እሷ ግትር አይደለችም” ብላ ተቆጣች። እኔና ጩጬ ተያየን። በእኛ ቤት ግትር የሚባል ቃል ከአክስቴ ሌላ በማን ልክ ይሰፋል? ዝም ብለን ለሴትዮዋ ሰጠናት።

ጉዱ የመጣው ባል ሲመጣ ነው። ጩጬ ሜላንኮሊ የሚለውን አነበበች፤ ምክንያቱ በውል የማይታወቅ፣ ቀስ ያለ ሐዘን። “ለምን ታዝናለች ግን? ባል የላትም እንዴ?” አለች፣ እንዲያው ለጨዋታ።

“አላት” አለች አክስቴ። “መንገድ ላይ ነው።”

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ። ይሄን ዓረፍተ ነገር ስሰማው ነው ያደግኩት። አጎታችን፣ የአክስቴ ባል፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እኛ ልጆች ሳለን አንድ ክረምት ጭነት ይዞ ወጣ። መኪናው ከድልድይ በታች፣ ጎርፍ ካበጠ ወንዝ ዳር ተገልብጦ ተገኘ። በሩ ክፍት ነው፤ እሱ የለም። ሰዉ እስኪደክመው ፈለገው፣ ወንዙ አልመለሰውም። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ሁሉ አክስቴ በር ላይ ቆማ “የምን ለቅሶ ነው የምታወሩት? ሰውዬው መንገድ ላይ ነው” ብላ መለሰቻቸው። ከዚያ በኋላ በቤታችን ስለ እሱ “ነበር” ብሎ የሚያወራ የለም። እናትና አባት ሆና ያሳደገችን እሷ ናት፤ እንዴት አድርገን አፋችንን እንክፈት? ደንበኛ “ባለቤትሽስ?” ሲላት “መንገድ ላይ ነው” ትላለች፣ ድምፅዋም አይሰበርም። እኔ እንኳን አሁን ሽበት ጀምሮኛል።

ከዚያች ቀን ወዲህ የሴትዮዋ ነገር ሌላ መልክ ያዘ። አክስቴ ፊቷ እየበራ ስለ እሷ ታወራ ጀመር። ሴትዮዋ ጠዋት ተነስታ መስኮት ትከፍታለች፣ ለባሏ የሚመቸውን ትራስ ፀሐይ ላይ ታወጣለች፣ ከሩቅ የመኪና ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ታስቀምጣለች። ቃላቱም እንደ ጉድ ይገቡ ነበር። ጩጬ መጽሐፉን ግማሽ አልፋ ሄደች። አንዲት ጡረታ የወጡ የፋርማሲ ባለሙያ የመመገቢያ ክፍላቸውን መጋረጃ ሊያስለኩ መጥተው ይሄን ወሬያችንን ሰሙና “ምስኪን! እንቅልፍስ ይወስዳታል?” ብለው ጠየቁ። ጩጬ ልትስቅ ስትል አክስቴ ቀድማ “ይወስዳታል፣ ይመስገነው” አለቻቸው። ሴትዮዋ የለችም ለማለት ማንኛችንም ድፍረቱ አልነበረንም።

ቢሪቭድ የሚለው ቃል የመጣው እንዲህ ሞቅ ሞቅ ብሎን ሳለ ነው።

ጩጬ ቃሉን ጮክ ብላ አነበበችና ትርጉሙ ላይ ስትደርስ ቆመች።

“ምን ይላል?” አለች አክስቴ።

“የቅርብ ሰዉን በሞት ያጣ።”

የስፌት መኪናዬን አቆምኩት። አክስቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና “እሱን ለሴትዮዋ አትሰጫትም” አለች።

“አክስቴ፣ ፈተና ላይ ቢመጣስ?”

“ሰው ይሙትባትና ነው አንቺ ፈተና የምታልፊው?”

ለሴትዮዋ ጎረቤት ፈጥረን ቃሉን ለጎረቤቷ ልንሰጥ ሞከርን። አክስቴ “ጎረቤቷስ የሰው ልጅ አይደለችም?” ብላ እሷንም አስጣለችን። በመጨረሻ ለድመት ሰጠነው። አዎ፣ ለድመት፤ ባሏ የሞተባት ድመት። በማግስቱ ጩጬን ጠየቅኳት። ግንባሯን ይዛ ብዙ አሰበችና “ከድመት ጋር የተያያዘ ነገር ነው… ጥፍር?” አለችኝ። ስቄ መኪናው ላይ ተደፋሁ፣ ግን ሳቄ ወዲያው ጠፋ። የሴትዮዋ ያልሆነ ቃል ጩጬ ጋ አይቀመጥም።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡትም ቃላት እምቢ አሉ። ሴትዮዋ መስኮቷ ጋ እንደቆመች ቀረች። ወዴት እንውሰዳት? የምትሄድበት ሁሉ ወደ ባሏ ይዞራል፣ ባሏ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ወደ ስፌታችን እንመለሳለን። ጩጬ የያዘቻቸውን ሳይቀር መዘንጋት ጀመረች። ፈተናው ደረሰ፣ እሷ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀረ። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ አንድ ቀን ፈነዳሁ።

“አክስቴ፣ ለአንድ ቃል ብለሽ ልጅቷን ልትጥያት ነው?”

አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “እናንተስ ለአንድ ቃል ብላችሁ እኔን ልትጥሉኝ ነው?” አለች።

ጨርቄን ዘርግቼ መቁረጤን ቀጠልኩ፤ ቆርጬም አበላሸሁት።

የፈተናው ዋዜማ ምሳ በልቼ የጨርቁ ጥቅል ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ አሸለበኝ። ስሱ መጋረጃ ተነፋና ሴትዮዋ ወጣች። አልደነገጥኩም፤ ስመጣ ስሄድ የማያት ሰው ነው የመሰለችኝ። አመድማ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯ በወጉ ተይዟል፣ አንድ ጫማዋ ክሩ ተፈቷል። ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ የጻፍናቸው ቃላት ሁሉ አሉ፣ አንዱም አልጠፋም፤ ነጭ በነጭ ሆኖ የጠረጴዛው እንጨት አይታይም። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። እያንዳንዱ ጋ ስትደርስ ራሷን ትነቀንቃለች፣ የኔ ነው፣ ይሄም የኔ ነው እንደማለት። ጨርሳ ደግሞ ትፈልግ ጀመር። ጥቅሉን አነሳች፣ የክር ሳጥኑን ከፈተች፣ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች።

“ምን ጠፋብሽ?” አልኳት።

በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፤ ግን ገባኝ። አንድ ይጎድለኛል ነው ያለችው።

“ሁሉንም ሰጥተንሻል” አልኳት።

በሐዘኔታ ነው ያየችኝ። ስነቃ መጋረጃው እንደተነፋ ነው፤ አክስቴ ከጥግ ሆና “በእንቅልፍሽ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?” አለችኝ። “ከደንበኛ ጋር” አልኳት።

በማግስቱ ጩጬን በር ድረስ ሸኘናት። አክስቴ የቀሚሷን ኮሌታ አስተካከለችላትና ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ በኋላ የዋልነው ዋልን አይባልም። እኔ አንዱን ጠርዝ ሰፍቼ እፈታዋለሁ፣ ፈትቼ እሰፋዋለሁ። አክስቴ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት እኔ አስገባሁላት። ስለ ሴትዮዋ ማናችንም አላነሳንም።

ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ ስትዞር ጩጬ ገባች። ዓይኗ አብጧል።

“አለፍኩ” አለች።

መቀሱን ወርውሬ ጮህኩ። አቀፍኳት፣ ወገቧን ይዤ ላነሳት ሞከርኩና ሁለታችንም ተንገዳገድን። አክስቴ ጉንጯን እያገላበጠች ሳመቻት፣ “የኔ ልጅ፣ የኔ አንበሳ” እያለች። ከዚያ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና “በይ ንገሪን፣ ምን ምን ጠየቁሽ?” አለቻት።

“ፈታኟ ‘በደንብ የምታውቂውን አንድ ሰው ግለጪልኝ’ አለችኝ።”

“እና?”

“ሴትዮዋን ነዋ! መሐረቧን አልኩ፣ ሹካውን አልኩ፣ አማቷ ቤት ስትሄድ እንዴት እንደምትሆን አልኩ። አክስቴ ሙች፣ ቃላቱ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ እንደነበር ነው የመጡት። ፈታኟ መጻፏን ትታ ታዳምጠኝ ጀመር።” እዚህ ላይ የቀሚሷን ኮሌታ ትነካካ ጀመር።

“ከዚያስ?” አለች አክስቴ።

እኔ ከአክስቴ ኋላ ቆሜ ራሴን በኃይል ነቀነቅኩ፤ ተይው፣ ተይው። ጩጬ አይታኛለች። ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ከእኔ ላይ አንስታ አክስቴ ላይ አደረገች።

“ከዚያ ‘ባሏ ግን የት ነው?’ ብላ ጠየቀችኝ።”

“እና ምን አልሻት?”

“መንገድ ላይ ነው ልላት ነበር። በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼዋለሁ፣ አፌ ላይ ነበር። ግን ቢሪቭድ ናት አልኳት።”

መጋረጃዎቹ ተነፍተው ረገቡ። አክስቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

“ያ የድመቷ ቃል?”

“የድመቷ አይደለም፣ አክስቴ።”

“አዎ” አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። “አይደለም።” ቆይታ ደግሞ “ፈታኟ ምን አለች?”

“ብዕሯን አስቀምጣ አዝናለሁ አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው። እኔም እዚያው አለቀስኩ፣ ውሃ ሰጠችኝ።”

“ደግ ሰው ናት” አለች አክስቴ። የቀሚሷን ጠርዝ በጣቷ ታሻሽ ጀመር፣ ስፌቱን የምትመረምር ትመስላለች። “ለሴትዮዋስ፣ ለቅሶ ማን ደረሳት?”

ጩጬ እኔን አየችኝ። ምላሴ ሰው የሚፈራው ምላስ ነው፣ የዚያን ቀን ግን አንዲት ቃል አላወጣም አለ። ጩጬ ናት የመለሰችው።

“ማንም። መንገድ ላይ ነው ስትላቸው ሁሉም ተመለሱ።”

“ብቻዋን ናት?”

“ብቻዋን ናት፣ አክስቴ።”

“ታዲያ እናንተ እዚህ ምን ታደርጋላችሁ?” አለች አክስቴ፣ አሁን ድምፅዋ ተሰበረ። “ሄዳችሁ አጠገቧ አትቀመጡም?”

የምንሄድበት ሩቅ አልነበረም። እኔ በቀኝዋ፣ ጩጬ በግራዋ ወንበራችንን አስጠግተን ተቀመጥን። አክስቴ ሁለታችንንም እጃችንን ያዘችና ወደ ፊት ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። በኋላ መጣ፤ ያን ሁሉ ዓመት የት አስቀምጣው እንደነበር እንጃ። ባሏን እየጠራች አለቀሰች፣ ሳቁን እያነሳች፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚጥለውን እያነሳች፣ ወንዙን እየረገመች። እኔም አለቀስኩ። ልጅ ሆኜ ትከሻው ላይ አድርጎ መኪናው ላይ የሚያወጣኝን አጎቴን ነው ያለቀስኩለት፤ ለካ እኔም አላለቀስኩለትም።

በሩ ተንኳኳ። ቤት ሊቀይር ጥድፊያ ላይ የነበረ አንድ ደንበኛችን ነው፣ የመኝታ ቤት መጋረጃውን ሊወስድ የመጣ። ታክሲ ከውጭ አስቁሟል። ፊቴን በእጅጌዬ ጠርጌ በሩን ገርበብ አደረግኩት።

“ይቅርታ፣ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነን” አልኩት።

“ውይ! ማን ሞተባችሁ?”

“አጎታችን” አልኩ።

“ነፍስ ይማር” አለ። ዘወር ብሎ ታክሲውን በእጁ አሰናበተውና፣ ስለ መጋረጃው ምንም ሳያነሳ ገብቶ አጠገባችን ተቀመጠ።